ማስተካከያ፦ «ዲ» ማለት ብርሃንን ወደ ቀኝ ያዞራል ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ለጅማ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ፣ «ዲ» የተባለ ስኳር ፖላራይዝድ ብርሃንን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃንን) ወደ ቀኝ፣ «ኤል» የተባለው ደግሞ ወደ ግራ ያዞራል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። እባካችሁ ይህን ይዛችሁ ፈተና እንዳትገቡ።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ጅማ ገበያ የምንገዛው ማር ውስጥ አለ። የማር ስኳር በብዛት ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ሁለቱም «ዲ» ናቸው። ዲ-ግሉኮስ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሲረጋ ስፔሲፊክ ሮቴሽኑ (ብርሃንን የማዞር አቅሙ መለኪያ፤ + ወደ ቀኝ፣ − ወደ ግራ) +52.7 ገደማ ነው። ዲ-ፍሩክቶስስ? −92 ገደማ። ወደ ግራ፣ ያውም በኃይል!

ታዲያ «ዲ» ምንድን ነው? የአቀማመጥ ስም ነው። በፊሸር ሥዕል (ሞለኪዩሉን በወረቀት ላይ በቋሚና አግድም መስመሮች በሚያሳየው) ላይ ከካርቦኒሉ (ከኦክስጅን ጋር በድርብ ቦንድ ከተያያዘው ካርቦን) በጣም የሚርቀውን ካይራል ካርቦን (አራት የተለያዩ ነገሮች የተያያዙበትን) ፈልጉ። እዚያ ካርቦን ላይ ያለው ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድን) በቀኝ ከሆነ ዲ፣ በግራ ከሆነ ኤል። በቃ። ብርሃኑ ወዴት እንደሚዞር የሚታወቀው ፖላሪሜትር በሚባል መሣሪያ ሲለካ ነው፤ + ወይም − የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ሌሎቹ የአቀማመጥ ስሞች፣ አር እና ኤስም እንደዚሁ አቀማመጥን እንጂ የብርሃን አቅጣጫን አይናገሩም።

ባለፈው ጽሑፍ የሰጠሁት፣ የአንድ ስኳር ዲ እና ኤል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የመስታወት ምስል ናቸው የሚለው ምሳሌ ግን ትክክል ነው፤ እሱን አትሰርዙት።