በጅሬን ዳገት ላይ የሚታደለው ከረሜላ

በጅማ ከተማ፣ ወደ ጅሬን በሚወጣው መንገድ ዳር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። ቦርሳውን በጀርባው ያዘለ አንድ የውጭ አገር መንገደኛ ብቅ ሲል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከየጊቢው ወጥቶ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያለ ይከተለዋል፤ አንዱ ከረሜላ፣ ሌላው እስክርቢቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ ብር ይጠይቃል። እኛ ትልልቆቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እናያለን፣ አንዳንዶቻችንም እንስቃለን። ይህን ማየት ሰልችቶኛል፤ ከልጆቹ ጩኸት ይልቅ የሚያንገበግበኝም የእኛ ሳቅ ነው።

መንገደኛው ወደ እኛ ዘንድ የሚወጣው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ነው። በቡድን የሚመጡት አስጎብኚ ስላላቸው መኪናቸው ከግቢው በር ድረስ ያደርሳቸዋል፣ ከልጆቹም ጋር የሚገናኙት ከመስኮት በሚወረወር ሰላምታ ብቻ ነው። ብቻውን የሚጓዘው ግን ባጃጁን ታች ትቶ ዳገቱን በእግሩ ይያያዘዋል። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ስለማይችል ከትልልቆቹ ጋር ለማውራት ያፍራል፤ እኛም እንግሊዝኛው ስለሚያሳፍረን ከራስ ንቅናቄ አናልፍም። ስለዚህ በመንገዱ ሁሉ የሚያናግሩት ልጆች ብቻ ይሆናሉ። ለቀናት ሰው ሳያዋራ የሰነበተ ብቸኛ ሰው በልጆች ሲከበብ ደስ ቢለው አልፈርድበትም። የምፈርድበት ደስታውን ለመግለጽ እጁን ወደ ቦርሳው ሲሰድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እሱ አያየውም፣ ምክንያቱም ጉዞውን ይቀጥላል። እኛ ግን እናየዋለን። የከረሜላው ፓኮ ሲከፈት ግማሽ ደርዘን የነበሩት ልጆች በአፍታ እጥፍ ይሆናሉ፤ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ከፊት ይቆማል፣ ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ይቀበላል፤ ታናሽ ወንድሟን ያዘለችው ልጅ እጇ ስለማይደርስ ከኋላ ትቀራለች። እስክርቢቶ የሆነ እንደሆነማ ይብሳል፤ ለአሥር ልጅ ሦስት እስክርቢቶ የሰጠ ሰው ሰባት ልጅ አስለቅሶ ሄደ ማለት ነው። አመሻሽ ላይ እስክርቢቶው በብር ሲለወጥ፣ ብሩም በአንዱ ኪስ ውስጥ ሲገባ፣ የተነጠቀው ልጅ እናት ከነጣቂው እናት ጋር ስትጣላ የምንገላግለው እኛ ነን። መንገደኛው በዚያች ሰዓት ሆቴሉ ገብቶ የልጆቹን ፈገግታ ፎቶ እየለቀቀ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ መንገደኛ ደግሞ ምንም ያልያዘ፣ ወይም መስጠት የማይፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ባለፈው የለመዱትን ይጠብቃሉ፤ ሲከለከሉ ይሳደባሉ፣ አልፎ አልፎም ጠጠር ይወረውራሉ። አገራችንን በብስክሌት የሚያቋርጡ መንገደኞች ድንጋይ ስለሚወረውሩ ልጆች ያወሩት ወሬ ዓለምን አዳርሷል። ይህን የሰማ ሰው ኢትዮጵያ ሲገባ ልጅ ሲያይ ይሸማቀቃል፤ እኛም «ስማችንን አጠፉት» ብለን እንቆጣለን። ልጁ ጠጠሩን ያነሣው እኛ ባለንበት፣ ዓይናችን እያየ መሆኑን ግን ማንሣት አንወድም።

«ልጆቹ ነጭ ሰው ስለማያውቁ ነው፣ ቢገርማቸው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ጅማን አለማወቅ ነው። የሂርማታ ገበያ ገና በነገሥታቱ ዘመን ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋርም በነጋዴ አክባሪነታቸው የታወቁ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች የሠሯቸው ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ ፈረንጅ አራዳ ብለን የምንጠራው ሰፈር ያለን ሰዎች ነን። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩና በሆስፒታል የሚያክሙ የውጭ አገር ሰዎችም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ልጆች እነዚህን ሰዎች አይከተሉም። ዶክተሩ ቲማቲም ሊገዛ ሲወጣ ልጆቹ «አካም ጅርታ» ብለውት ኳሳቸውን ይቀጥላሉ፣ ምክንያቱም ቲማቲሙን እንጂ ሌላ ነገር እንደማይዝ ያውቃሉ። እንግዲህ ልጆቹን ያስሮጣቸው የሰውየው ቆዳ ሳይሆን ቦርሳው ነው፤ ይህንን ደግሞ አልተወለዱበትም፣ ተምረውታል።

«ድሆች ስለሆኑ ነው» የሚለው ሁለተኛው ሰበብ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። ድህነት የለም አልልም፤ የመንገዱ ዳር ቤቶች ይመሰክራሉ። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ላይ በሳፋ ለውዝ የምትሸጥ ልጅ አለች፣ የሊስትሮ ዕቃውን ዘርግቶ የሚቀመጥም ልጅ አለ። ከሰዓት ፈረቃ ስለሚማሩ ጠዋት ይሠራሉ። ከሁሉም ድሃዎቹ እነሱ ናቸው፤ መንገደኛው ሲመጣ የማይሮጡትም እነሱ ናቸው፣ ሳፋውንና ብሩሹን ጥለው የት ይሄዳሉ? ቁጭ ብሎ የሚሠራው ልጅ ባዶ እጁን ቀርቶ የሮጠው ሲሸለም በየጊዜው የሚያይ ሕፃን ምን እንደሚማር ለማወቅ የሥነ ልቦና ምሁር መሆን አያስፈልግም። ሰውየው ከዚያች ልጅ አንድ ስኒ ለውዝ ቢገዛ ምን ነበረበት? (ለውዙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከከረሜላው ይጣፍጣል።)

ወደ እኛ ልመለስ። በእኛ አገር ልጅ የወላጁ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ያጠፋን ልጅ ያልወለደው ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው ያ ልጅ ምድር ብትውጠው ይወዳል፤ ጥያቄው እቤት እንደሚደርስ ያውቃልና። አንድ የሰፈር ልጅ አንድን ሐበሻ አላፊ አግዳሚ «ብር ስጠኝ» ብሎ ቢይዘው ከበረንዳው የማይነሣ አባት፣ ከጓዳ የማትወጣ እናት የለችም። እጅ የተዘረጋለት ሰው ነጭ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ይታገዳል። ያው ባጃጅ ነጂ፣ ያው ባለሱቅ፣ ያቺው እናት «ተወው እንጂ፣ ልጅ አይደል?» ይላሉ። ከዚህም አልፎ «ሂድ፣ አንተም ጠይቀው፣ ለሁሉም እየሰጠ ነው» ብላ የአራት ዓመት ልጇን ከኋላ የገፋች ጎረቤት አይቻለሁ። ይህቺው ጎረቤቴ ከሰው ቤት ቁራሽ የተቀበለ ልጅ እንደ ነውር የሚቆጠርባት ቤት ውስጥ ያደገች ናት።

ስለ ፎቶውም ዝም አልልም። አንድ የጅማ ሰው ብቻውን ሮም ሄዶ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ሕፃናትን እያስቆመ ፊታቸውን በስልኩ ቢቀርጽ ከፖሊስ ጥያቄ አያመልጥም። እዚህ ግን አፍንጫው ያልተጠረገ፣ ሱሪው የተቀደደ ልጅ ተመርጦ ይነሣል፣ የታጠበውና ዩኒፎርም የለበሰው ግን «ዞር በል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውና ኢትዮጵያም በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የሕፃኑ የግል ሕይወትና ክብር እንዳይነካ ይደነግጋል፤ የሚደነግገው ለሮም ሕፃን ብቻ አይደለም። እናቲቱ ሦስት እርምጃ ርቃ ልብስ እያጠበች ነው፣ በምልክት እንኳ ቢጠይቃት ትረዳዋለች።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው መናገር የማይወደው። ልጆቻችንን «ከማታውቁት ሰው ምንም አትቀበሉ፣ አትከተሉት» እያልን እናሳድጋለን። ብቻውን የመጣ፣ ስሙን የማናውቀው ጎልማሳ ጣፋጭ ይዞ ልጆችን ሲሰበስብ ግን ትእዛዛችንን በራሳችን እንሽራለን። አብዛኞቹ መንገደኞች ደግ ሰዎች እንደሆኑ አምናለሁ። ክፉው ቢመጣም ግን የሚመጣው በዚሁ መልክ ነው፣ ልጆቹም እንዲለዩት አላስተማርናቸውም። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ የሕፃናትን ብዝበዛ ለይቶ ያወገዘው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አንዲት ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በዚህ መንገድ ስትወጣ መጀመሪያ በረንዳ ላይ የነበሩትን አዛውንት ጎንበስ ብላ ሰላም አለች። አዛውንቱ ወንበር አስመጡላት፣ ቡና ተፈላ፣ ልጆቹም ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ማንም ሳይቆጣቸው ማለት ነው። እንግዳዋ የትልቆቹ እንግዳ ስትሆን ልጅ መሐል መግባት እንደሌለበት ያውቃል። ቆይታ ከእነሱ ጋር ኳስ ስትለጋ ማንም እጁን አልዘረጋባትም። ስትመለስ ከታች ካሉት አናጢዎች በርጩማ ገዛች፤ እንዴት አድርጋ በቦርሳዋ ይዛው እንደምትዞር እንጃ። ለሰፈሩ የገባው ብር ከአንድ ካርቶን ከረሜላ ይበልጣል።

ስለዚህ ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ልጆቹን በሐበሻ ፊት እንደምንቆጣቸው በፈረንጅም ፊት እንቆጣቸው፣ መንገደኛውን ቀድመን እኛ ሰላም እንበለው፣ መስጠት የሚፈልግም ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እንምራው አልኩ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዳገቱ ሥር ያለው ባለሱቅ ግን አልተስማማም። ከረሜላውን በፓኮ አድርጎ ከደጁ የሚደረድረው ለመንገደኛው ነው፣ ዋጋውንም ለእሱ ሲሆን ከፍ ያደርገዋል። «እኔ ለልጅ አልሰጠሁም፤ ሸጥኩ እንጂ» አለኝ። የእሱ የራሱ ልጅ ከሯጮቹ መካከል አንዱ መሆኑን ስነግረው «እሱማ ተቀብሎ ያመጣልኛል፣ መልሼ እሸጠዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን አላውቅም፤ ፓኮው ግን ዛሬም ከደጁ ላይ ተደርድሯል።