ወገኖቼ፣ መጽሐፍ አትለምኑ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በምናገረው ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ቅር ይበላችሁ።

በዓመት ሦስት ቢበዛ አራት መጽሐፍ የማሳትም ሰው ነኝ። ቢሮዬ የቤቴ ሳሎን ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ጠረጴዛ አገኘሁና 60 መጽሐፍ በሁለት ካርቶን አሸክሜ ሄድሁ። ከየክልሉ የመጡ ኃላፊዎች አሉ፤ እነሱ ካልገዙኝ ማን ይገዛኛል?

አዳራሹ አምሮበታል። ባነሩ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ፣ ዓርማ የታተመበት ቦርሳ፣ ሦስት ዓይነት ወጥ ያለው ምሳ፤ ምንም አልጎደለም። (ክትፎውን እኔም አልጠላሁትም።) ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው ሰው ግን ዋጋ አይጠይቅም። «ለቤተ መጻሕፍታችን ሁለት ሁለት ኮፒ ቢለግሱን?» ይላል። አንዷማ ሽፋኑን በስልኳ አነሳችና «ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ይገኛል?» አለችኝ። ባለሙያ ናት እኮ!

ከአንድ ወረዳ የመጡ ጎልማሳ ግን መግዛት ፈለጉ። በጀትም አላቸው። ቆመው አሥር ገጽ ያህል አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሦስት ድርጅት ፕሮፎርማ ያስፈልገኛል» አሉ። መጽሐፉን ያሳተምሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከየት ይምጡ? «ወዳጅ ነጋዴ የለዎትም? ማኅተም አስመትተው ያምጡ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። አንድ እውነተኛ መጽሐፍ ወረዳ እንዲደርስ ሁለት የሐሰት ወረቀት ይቅደመው ማለታቸው ነው። እንቢ አልሁ፤ ሳይገዙ ሄዱ።

መመሪያውን ያወጣው መንግሥት ነው ትሉኝ ይሆናል። ልመናው ግን የማን ነው? የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን» የሚል ያገኛል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው። የአስጻፊው ስምም ብዙ ጊዜ አብሮ አለ። አስጻፊ ማለት ለብራናው ቆዳውን፣ ወራት ለሚቀመጠው ጸሐፊ ቀለቡንና ድካሙን የሚችል ሰው ነበር። የነዚያ ልጆች ነን ብለን እንፎክራለን፤ አንድ ሌሊት ቁጭ ብለን መጽሐፍ ስካን አድርገን እንበትንና ጠዋት «ዕውቀት አካፋይ» ተብለን እንመረቃለን። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ልጆቹ እንዲበሉበት ነው። እናንተ እሱ በቁሙ ሳለ እንኳ አላስበላችሁትም።

ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ማተሚያ ቤት ዛሬ የነገረኝ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። 3000 አሳትም የነበርሁ ሰውዬ አሁን 1000 አሳትማለሁ። ከሽያጩ 35 በመቶው የአከፋፋይ ነው። «አንድ ብትሰጠን ምን ትጎዳለህ?» የምትሉኝ ስንት እንደሆናችሁ ቁጠሩ።

እኛ አሳታሚዎችም ንጹሕ አይደለንም። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ የሚሰጠውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ሳናወጣ የምናሳትም አለን። በሕግ ማስቀመጥ የሚገባንን ቅጂ ሳናስረክብ የምንቀርም አለን። ያ ቤት ከ1936 ጀምሮ የቆመው ለኛው ነበር። ነገ የልጅ ልጃችን መጽሐፋችንን ፈልጎ እዚያ ቢያጣው የሚጠየቀው ሌላ ሰው አይደለም።

አሁን የምላችሁን አድርጉ። በሰፈራችሁ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ግቡና «ዘንድሮ በአገራችን ቋንቋ ስንት መጽሐፍ ገዛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በስጦታ የመጣውን ቢያሳዩአችሁ «የገዛችሁትን ነው ያልኋችሁ» በሉ። በጀት የለም ካሉ፣ የባነሩ በጀት ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ፈረንጅ አንብቦ የጣለው በካርቶን መጥቶ መደርደሪያ ስለሞላ ቤተ መጻሕፍት አለን አትበሉ።

ከወሰድሁት 60 ውስጥ 4 ሸጥሁ፤ 22 ለገስሁ (አዎ፣ ፊት ለፊት እንቢ ማለት እኔም አልሆነልኝም)፤ የቀረውን ተሸክሜ ተመለስሁ። በመዝጊያው ላይ ስሜ ተጠርቶ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ የምስጋና ምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰጠኝ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱን ፍሬሙ ስንት እንደተገዛ ጠየቅሁት። የመጽሐፌን ዋጋ ሁለት እጥፍ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቦበታል።