ጭሱስ?
ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ከከብት ጋር ያደጉ ልጆችን አስምና አለርጂ ብዙም አይዛቸውም ይላል። በልጅነት ከጀርም ጋር መላመድ ከአለርጂ ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ እንኳ የቆየ ነው። እንግሊዝ አገር ተመራማሪው ዴቪድ ስትራካን በ1989 እ.ኤ.አ. ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች የበዙለት ልጅ የአበባ ብናኝ አለርጂ እንደሚቀንስለት ጽፏል። እኛም አገር፣ ጅማ ላይ ተጠንቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት የመንጠቆ ትል (የአንጀት ጥገኛ ትል) በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው፣ እንደ አስም ሕመምተኛ፣ ብዙም እንደማያፏጭ አሳይቷል። (ትል ይኑርብን አልወጣኝም!)

ግን ጭሱ የት ገባ? እኛ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ፣ ጥጃው ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። አክስቴ እንጀራ ስትጋግር ግን ኩበቱ ይትጎለጎላል፣ መስኮት የለም፣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስላለች። ልጁም ይስላል። የከብቱን ጥቅም ከጭሱ ጉዳት ለይቶ ያየ ጥናት ካለ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።