ከጥቅምት 30 በኋላ የማይፈለጉት ልጆች

ወገኖቼ፣ በተለይም አራትና አምስት ሠራተኛ ይዛችሁ በየሕንፃው ፎቅ ላይ ቢሮ የከፈታችሁ የሂሳብና የግብር ባለሙያዎች፣ አስመጪዎች፣ የሶፍትዌርና የማስታወቂያ ሥራ ባለቤቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ሙያ ነውና ከውጭ ቆሞ የሚፈርድ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። በተለማማጅ ስም በምናስገባቸው ልጆች ላይ የሚደረገው ነገር ነውር ነው። ነውርነቱን ስለምናውቅም ነው አንዱንም ነገር በጽሑፍ የማናሰፍረው።

ዝም እንዳልል ያደረገኝ በእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ባለፈው ሰኔ የመውጫ ፈተናዋን አልፋ በአካውንቲንግ ተመረቀች። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ "ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ሆኖባት ስትንከራተት፣ አንድ አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ "በኢንተርንነት እንይሽ" ሲላት ቤተሰቡ ሁሉ እሰይ አለ። ሦስት ወር ትለማመጃለሽ፣ ለትራንስፖርት በወር 2,000 ብር ይሰጥሻል፣ ከዚያ በኋላ ትቀጠሪያለሽ ተባለች። ሁሉም በቃል ነው፤ ደብዳቤም ፊርማም አልነበረም።

ሐምሌ ገባ። የሙያው ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያሉት ወራት ምን ማለት እንደሆኑ ያውቃል። የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ፣ ማለትም የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ትልቅ ነጋዴ ወይም ድርጅት፣ የዓመቱን ሂሳብ ዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለበት፤ ደንበኛው ግን ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ያጠራቀመውን ደረሰኝ ተሸክሞ የሚመጣው ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ያንን ካርቶን የምትዘረግፈው ተለማማጇ ነበረች። ደረሰኞቹን በየቀናቸው ትደረድራለች፤ ቀለማቸው የጠፋ የካሽ ሬጅስተር ወረቀቶችን ወደ መስኮት አስጠግታ እያዘነበለች ታነባለች፤ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ካስገባች በኋላ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ታስታርቃለች፤ የ40 ብር ልዩነት ከተገኘም ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ድረስ ታመሻለች። ቁጭ ብሎ ያስተማራት ባለሙያ አልነበረም፤ ሥራውን ያሳየቻት ከእሷ ጥቂት ቀደም ብላ የገባች ሌላ ተለማማጅ ናት። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ትሠራለች፣ እሑድም "ለዛሬ ብቻ" እየተባለች ትጠራለች። መስከረም መጨረሻ ላይ ሦስቱ ወር ሲሞላ ስለ ቅጥሯ ብትጠይቅ፣ "አሁን ውጥረት ላይ ነን፣ ግብሩ ይለፍና እንነጋገራለን" አሏት። አመነቻቸው።

ግብሩ አለፈ። ኅዳር 1 ማለዳ እንደ ልማዷ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ስትደርስ የሕንፃው ጥበቃ በር ላይ አስቆማት። ሽማግሌው አፍረው "ልጄ፣ እንዳላስገባሽ ታዝዣለሁ" አሏትና ከወንበራቸው ሥር የታሰረ ፌስታል አውጥተው ሰጧት፤ ውስጡ የምሳ ዕቃዋ፣ ጃንጥላዋና የስልኳ ቻርጀር ነበር። ከቢሮው የቴሌግራም ግሩፕም ሌሊቱን ተወግዳ ነበር። ባለቤቱ ስልኩን አላነሳም። ከሰዓት በኋላ "ሥራ ስለቀዘቀዘ ነው፣ ለነበረን ጊዜ እናመሰግናለን" የሚል አንድ መስመር ላከላት። የጥቅምቱ 2,000 ብር አልተከፈላትም። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትጠይቅ ደግሞ "ለኢንተርን ልምድ አይጻፍም" ተባለች። ልምድ ፍለጋ ለገባች ልጅ! ዛሬ ሲቪዋ ላይ እነዚያ አራት ወራት የሉም፤ ማስረጃ የሌለውን ነገር መጻፍ ውሸት ይመስልብኛል ብላ አውጥታቸዋለች።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ቢሮ ያደርገዋል፤ ለእኔ ይቅር ለማለት ያቃተኝ ግን ከሳምንት በኋላ የሆነው ነው። ባለቤቱ ደወለ። ሊከፍላትም ይቅርታ ሊላትም አልነበረም፤ የአንድ ደንበኛ ፋይል የት እንደተቀመጠ ጠፍቶባቸው ነው። አጠገቧ ነበርኩ። "እሺ ጋሼ" ብላ ተቀመጠችና የትኛው ፎልደር ውስጥ በምን ስም እንዳስቀመጠችው፣ የይለፍ ቃሉንም ጭምር፣ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ እየደጋገመች ነገረችው። እሱም እንዳገኘው ስልኩን ዘጋ። ቢሰድባት ይሻለኝ ነበር። ሰውን በር ላይ በጥበቃ አስመልሶ ሲያበቃ በዚያው ሰው ጨዋ አስተዳደግ ተማምኖ ደግሞ በነፃ ማሠራት፣ ከዝርፊያ የሚለየው ማስፈራሪያ ስለሌለው ብቻ ነው።

ሕጉን አናውቅም እንዳትሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና ገና ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ ውሉ ሲቋረጥም ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለዋል፣ የሥራ ልምድ ማስረጃውም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። "እሷ ተለማማጅ እንጂ ሠራተኛ አይደለችም" ትሉኝ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው በደብዳቤ የላከውና መምህሩ እየመጣ የሚገመግመው ተማሪ ሌላ ነገር ነው። ተመርቃ የወጣች፣ በሰዓት የምትገባ፣ በአለቃ የምትታዘዝ፣ ደንበኛ ዋጋ የከፈለበትን ሥራ ሠርታ ያስረከበች ልጅ ግን በዚያ ስም ልትሸፈን አይገባም።

በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ቢያንስ የሰው ኃይል ክፍል አለ፣ የሠራተኛ ማኅበርም ይኖር ይሆናል። የሠራተኛ ማኅበር በአንድ ድርጅት ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋልና፣ በአምስት ሰው ቢሮ ውስጥ ለተለማማጅ የሚናገርላት የለም። ለግሉ ዘርፍ የተነጠፈ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልም የለን፤ ስለዚህ 2,000 ብር እንኳ እንደ ችሮታ ይቆጠራል። ኪራይ እንደከበደ፣ ደንበኛም ቶሎ እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ እኔም ያው ኪራይ ላይ ነኝ። ይሁን እንጂ ሂሳብ ለማዘጋት ደንበኛው የከፈለው ገንዘብ ኪሳችሁ ገብቷል፤ ካርቶኑን የዘረገፈችው ልጅ ብቻ ናት ከዚያ ገንዘብ ድርሻ የሌላት። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ምን ያህል ከባድ በደል እንደሆነ ተምረን ነው ያደግነው፤ ታዲያ ትምህርቱ ቢሮ በር ላይ ሲደርስ የሚቀረው ለምንድን ነው?

እኛ ቤተሰቦችም ንጹሓን አይደለንም። "ዋናው ልምዱ ነው፣ ቻይው" እያልን በየማለዳው የሸኘናት እኛ ነን። ክስ እናቅርብ ስል እናቷ "ስሟ ይጠፋል፣ ነገ ማን ይቀጥራታል?" ብላ ለመነችኝ። ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ ነገርኳት። ጭንቀቷ ግን ከገንዘቡ አልነበረምና ማሳመን አልቻልኩም። እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል፤ እኛ ስንፈራ ስድስቱ ወር አለቀ። ቢሮው የሚተማመነውም በዚህ ፍርሃታችን ነው።

እናንተም ደንበኞች አላችሁበት። ካርቶናችሁን በመጨረሻው ሳምንት አምጥታችሁ ስትጥሉ ልጅቷን አይታችኋታል፤ ስልክ እየደወለች "የነሐሴ ደረሰኝ ጎድሏል" ያለቻችሁ እሷ ነበረች። በኅዳር ቫት ልታሳውቁ ስትመጡ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ካያችሁ፣ የት እንደሄደችና ተከፍሏት እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁት። የተለማማጅን ስልክ የማያነሳ ሰው የደንበኛን ጥያቄ አይንቅም።

ሐምሌ ሊገባ ነው፤ አዲስ ተመራቂዎች ሲቪያቸውን በፕላስቲክ ማኅደር ይዘው ደረጃ ለደረጃ ፎቆቹን መውጣት ሊጀምሩ ነው። ከእናንተ የምለምነው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ መቼ እንደሚጀምሩ፣ መቼ እንደሚጨርሱ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ማን እንደሚያስተምራቸው የሚገልጽና የሁለት ሰው ፊርማ ያለበት። ልትቀጥሯቸው ካልቻላችሁ ቀደም ብላችሁ ፊት ለፊት ንገሯቸው፣ የሠሩትንም ጽፋችሁ ማኅተም አድርጉላቸው። እንዲህ የሚያደርጉ ሁለት ቢሮዎች አውቃለሁ፤ አንዳቸውም በዚህ ምክንያት አልከሰሩም። ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ እስከ መስከረም ሦስተኛ ቢሮ ቢጨመር ለዘንድሮ ይበቃኛል።