ዋንዛ የለመደ እጅና የፈረንጅ ደረጃ

ጎጃም ውስጥ እንጨት የሚያውቅ ሰው ዋንዛ ሲነሣ ድምፁ ይለወጣል። ገበታው ዋንዛ፣ ከበሮው ዋንዛ፣ የደህና ቤት በር ዋንዛ። በደንብ ተልጎ ትንሽ ዘይት ከነካው ውበቱን ራሱ ያወጣዋል። እንግሊዝ አገር አሮጌ ቤት የገባ ጎጃሜም ምንጣፉን ገልጦ ከሥሩ የእንጨት ደረጃ ሲያገኝ በዚሁ የዋንዛ ዓይን ነው የሚያየው። «እንዲህ ያለ እንጨት ተሸፍኖ ይኖራል?» ብሎ ምንጣፉን ይነቅላል፣ አሮጌውን ቀለም ይልጣል፣ ጥቁር ቡናማ ማቅለሚያ ገዝቶ ይለቀልቅበታል። በማግስቱ ደረጃው ቡራቡሬ ጥጃ መስሎ ይጠብቀዋል።

እንጨቱ ፓይን ነዋ! አገር ቤት ጥድ ስንል በየደብሩ ቅጥር የቆመው፣ ሲፈለጥ ሽታው የሚያውደው ቀላ ያለ እንጨት ነው የሚታሰበን። ፓይንንም ጥድ እንለዋለን፣ ጠባዩ ግን ለየቅል ነው። ጥፍር ይቀርጸዋል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ሁለት ዓይነት መስመር ይፈራረቅበታል፤ ሰፋ ያለው ገርጣታ ዛፉ በጸደይ ፈጥኖ ያደገበት ነው፣ ቀጭኑና ጠቆር ያለው ደግሞ በበጋው ማብቂያ ቀስ ብሎ የጠጠረበት። ገርጣታው ማቅለሚያውን ይመጠዋል፣ ጠቆር ያለው እምቢ ይላል። ውጤቱ እንደ ድሮ ፎቶ ኔጋቲቭ ነው፤ ነጣ ያለው ጠቁሮ፣ ጠቆር ያለው ነጥቶ ይወጣል። ጉጡ ሙጫ ስላቆረ ጭራሽ አይጠጣም። የመርገጫው አፍንጫ (ወደ ፊት ወጣ ያለው ጠርዝ) ጎን ላይ የእንጨቱ ጅማት ተቆርጦ ስለሚታይ፣ እዚያ ደግሞ እስኪጠቁር ይጋታል።

አገር ቤት ይህ ሁሉ የባለሙያ ጣጣ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አልጋ የሚያሠራ ሰው እንጨቱን መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀን ተቀጣጥሮ ይሄዳል፤ ሲለሩንና ቫርኒሹን የሚያውቀው እንጨት ሥራ ቤቱ ነው። ደግሞስ ቤት ውስጥ ደረጃ መች ነበረ? በአያቶቻችን ቤት ወደ ላይ የሚወጣው ቆጥ ላይ ነው፤ እሱም በመሰላል። ቫርኒሹም የምድጃው ጢስ ነበር። ዓመታት ያጠነው የጣሪያ እንጨት ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ውጭ አገር የባለሙያ የቀን ዋጋ ከቀለሙም ከእንጨቱም ስለሚበልጥ፣ ሐኪሙም ሹፌሩም ቅዳሜና እሑድ ተንበርክኮ ደረጃውን ይፍቃል። የሚታዘበውም የለም። ባሕር ዳር ቢሆን ጎረቤት «ምነው፣ ሠራተኛ አጣህ እንዴ?» ሳይል አያልፍም።

ከመፋቅ በፊት ግን እርሳስ የሚባል ነገር አለ፤ መጻፊያው ሳይሆን ድሮ ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው መርዛማ ብረት። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የመኖሪያ ቤት ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በእንግሊዝ አሮጌ ቤቶችም ከታች ያለው ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ቀለም መሸጫ መደብር የሚገኘውን መመርመሪያ ገዝቶ ማየት ነው። ካለበት በደረቁ መፋቅም በጋለ አየር ማቃጠልም አይገባም፤ አቧራውና ጢሱ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። በፈሳሽ መላጫ አርሶ፣ እርጥብ እንዳለ ገፎ፣ በላስቲክ ቋጥሮ ማውጣት ይሻላል። ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻም አይደለም፤ ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ የብረት በር የሚፍቅ ሰውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ቀለሙ ተልጧል ማለት እንጨቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የመላጫው ቅሪት፣ የምንጣፍ ማጣበቂያ፣ በእንጨቱ ቀዳዳ የተደበቀ አሮጌ ቫርኒሽ፣ ሁሉም ማቅለሚያውን ያግዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በየመርገጫው ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ውሃ ጠብ ማድረግ። ወዲያው ከሰረገ እንጨቱ ተራቁቷል፤ እንደ ቅባት ላይ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው። በተለይ ጠርዙንና መሐሉን ለየብቻ ይፈትኑ። ፈረንጆቹ ድሮ ምንጣፉ የማይሸፍነውን ግራና ቀኝ ብቻ ይቀቡ ስለነበር፣ መሐሉ ለዓመታት ራቁቱን ኖሯል፤ ሁለቱ እኩል አይጠጡም። የምስማር ቀዳዳ በስቱኮ ሲሞላም ስቱኮው እንደ እንጨቱ ቀለም እንደማይቀበል አስቦ፣ በመጨረሻው የእንጨት መልክ የተዘጋጀውን መምረጥ ነው።

አፋፋቁ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል፣ በ120 ይቀጥላል፣ በ150 ያበቃል፤ ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ። አግድም የተፋቀ ጭረት በደረቁ አይታይም፤ ማቅለሚያው ሲገባበት ግን ድመት የቧጨረችው ይመስላል። «ይበልጥ ይለስልስ» ብሎ መርገጫውን በ220 መፋቅም ትርፍ የለውም፣ ቀዳዳው ይደፈንና ማቅለሚያው አይገባም። የአፍንጫው ጎን ግን በተቃራኒው ነው፤ በ220 ቢለሰልስ መጋቱን ስለሚቀንስ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል።

ዝንጉርጉሩን የሚያስታግሱት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው እንጨቱን አስቀድሞ በግማሽ ማጥገብ ነው፤ ሰሙ የወጣለትን ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የሙጫ ቫርኒሽ) በእኩል መጠን አልኮል አቅጥኖ አንድ እጅ መቀባትና ሲደርቅ በስሱ መዳበስ። ሁለተኛው ወደ ውስጥ የማይሰርግ፣ ላዩ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ጄል ማቅለሚያ መጠቀም ነው። በሁለቱም ቢሆን ፓይንን እንደ ዋንዛ ጥልቅ ቡናማ አደርጋለሁ ማለት ምኞት ነው፤ ማርማ ቡናማ ካገኙ ይበቃል። ሙከራው ከደረጃው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እኩል በተፋቀ እንጨት ላይ ይሁን። ቫርኒሹም ይጨመርበት፤ መልኩን ቫርኒሹም ይለውጠዋልና። ሲቀቡ አንድ መርገጫ ጀምሮ መጨረስ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ትርፉን በጨርቅ ሙልጭ አድርጎ መጥረግ። ሳይጠረግ የቀረ ማቅለሚያ ሲጣበቅ ይኖራል፣ ቫርኒሹም በላዩ አይይዝም።

አሁን ወደ ተልባ እንምጣ። ጎጃም ውስጥ ተልባ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠጣል፣ በጾም ወጥ ይሆናል። ፈረንጅ አገር በቆርቆሮ ታሽጎ «የእንጨት ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የዚያችው የተልባ ዘይት ነው። የሚደርቀው እንደ ውሃ ተኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ስቦ ስለሚጠጥር ነው፤ በዚያም ሙቀት ይወጣዋል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይነድዳል። ቤት የተቃጠለበት ነገር ነው፣ ቀልድ የለውም። ዘይት ያለበት ማቅለሚያና ቫርኒሽ የነካ ጨርቅም ያው ነው፤ ደጅ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ተነክሮ ይከደን። «የኑግ ዘይትስ?» ለሚል፣ ኑግም ይደርቃል፣ ግን ከተልባ ይዘገያል፤ ደረጃ ላይ ሲጣበቅ ከርሞ የቤቱን አቧራ ይሰበስባል። ለወጡ ይሁን።

ቫርኒሹ የግድ የወለል መሆን አለበት፤ ለጠረጴዛ የተሠራው በጫማ ይላጣል። መጠኑን ለማስላት 13 እርከን ያለው፣ 85 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ደረጃ እንውሰድ። መርገጫው 25፣ ቋሚው ፊት 20 ሴንቲሜትር ቢሆን አንዱ እርከን ወደ 0.38 ካሬ ሜትር፣ ሁሉም 5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሦስት እጅ ሲቀባ 15 ካሬ ነው፤ አንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ስለሚሸፍን አንድ ሊትር ተኩል ይበቃል። ቆርቆሮውን መናጥ አረፋ ያመጣል፤ በእንጨት ቀስ ብሎ ማማሰል ነው። የዘይት ቫርኒሽ ከሆነ የመጀመሪያው እጅ በአሥር በመቶ አኳራጅ ይቀጥናል፣ በየእጁ መካከል አንድ ሌሊት ያድራል፣ በ240 በስሱ ተዳብሶ አቧራው ይጠረጋል። የውሃው በሁለት እስከ አራት ሰዓት ይደርቃል፣ እንደ ዘይቱም ወደ ቢጫ አይሄድም። ሆኖም ማቅለሚያው የዘይት ከነበረ እስከ ሦስት ቀን ሳይጠበቅ የውሃ ቫርኒሽ ከተደረበበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በሁለቱም ዓይነት ወፍራም አንድ እጅ የቀጭን ሦስት እጅን ቦታ አይተካም፤ ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስህተት ባሕር ዳርም ለንደንም እኩል ይሠሩታል፤ አንዱ በችኮላ፣ ሌላው በስስት።

አቀባቡ ከላይ ወደ ታች ነው። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ አንዱን እርከን እየዘለሉ ቀብቶ፣ ሲደርቅ የቀሩትን መቀባት ይሻላል፤ ያልተቀባው ላይ ወረቀት ለጥፎ ምልክት ማድረግ አይረሳ። ከጎጃም ለጥየቃ የመጣች እናት ቤት ካለች የመጨረሻው እጅ ላይ፣ መርገጫው ብቻ፣ የማያንሸራትት ዱቄት ይጨመርበት። ቫርኒሽ ላይ በካልሲ መውረድ ወጣቱንም ይጥላል፣ ነጠላ አጣፍተው ቁልቁል ለሚወርዱ እናትማ አይታሰብም።

ባሕር ዳር ፎቅ ቤት ሠርቶ ደረጃውን በእንጨት ማልበስ የሚያምረው የዲያስፖራ ሰው እየበዛ ነው። የቀለም ሥራውን ለጥቅምትና ኅዳር ቢያቆየው መልካም ነው፤ በሐምሌ እርጥበቱ ቫርኒሹን ያዘገየዋል፣ ያነጣዋልም። ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበትም አይቀባም፣ ላዩ ፈጥኖ ቆዳ ያወጣና አረፋ ይቋጥራል። ከሁሉ በላይ ግን ከቤት ሠራተኛዋ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አገር ቤት ደረጃ ማለት ሲሚንቶ ወይም እምነ በረድ ነው፤ ንጽሕናውም ባልዲ ሙሉ የሳሙና ውሃ ከላይ ለቆ በመጥረጊያ ማውረድ ነው። የእንጨት ደረጃ ላይ ያ ውሃ መርገጫው ከቋሚው ፊት በሚጋጠምበት ስንጥቅ ይገባና ከሥር ያጠቁረዋል፤ ቫርኒሹ ደህና መስሎ ሳለ ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር ብቅ ሲል ነው የሚታወቀው። ጭምቅ ተደርጎ የተጨመቀ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወዲያውም ደረቅ ጨርቅ ማስከተል።