ጥፍሩን ሳትፍቁ ኪኒን አትዘዙ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ እንግዳው ስለ ጥፍር ፈንገስ ተጠየቀ። ፈንገስ ያው ፈንገስ ነው፣ ለላብራቶሪ ብር ከምታወጡ ሦስት ወር ኪኒኑን ዋጡና ተገላገሉ አለ። አዘጋጁ አመስግኖ ዘፈን ለቀቀ። እኔ ታክሲ ውስጥ ጥርሴን ነከስኩ።

ፈንገስ ያው ፈንገስ ነው? ይሄ እኮ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው ከማለት አይለይም። እሱን ስንል ኖረን ስንቱ ያለ ሕመሙ መድኃኒት ጠጣ! እርግጥ የእግር ጥፍርን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የጭርት ዘመድ የሆነው ፈንገስ ነው። ለእሱ ተርቢናፊን ጎበዝ መድኃኒት ነው። በቀን 250 ሚሊ ግራም፣ ለእጅ 6 ሳምንት፣ ለእግር 12 ሳምንት። በዚህ ክርክር የለኝም።

ግን ካንዲዳም አለ። ስኮፑላሪዮፕሲስ፣ ፉዛሪየም፣ ኒዮሳይታሊዲየም የሚባሉ ሻጋታዎችም አሉ። የመጨረሻው በተለይ ለተለመዱት ኪኒኖች በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ከተበላሹት ጥፍሮች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ ፈንገስ የለባቸውም። ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ይሆናል፣ ጠባብ ጫማ ይሆናል። ለጫማም ተርቢናፊን ይታዘዛል እንዴ?

የአክስቴ እጅ ከሊጥና ከልብስ እጥበት ወጥቶ አያውቅም። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥሩ አበጠ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆነ። ጥፍረ መጥምጥ ነው እያለች ከረመች። አንድ ክሊኒክ በዓይን አይቶ ብቻ ተርቢናፊን አዘዘላት። ዋጠች፣ ጨረሰች፣ ምንም የለም። ደገሙላት። በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ጥፍሩን ፋቅ ፋቅ አደረገች። ፍቅፋቂው ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየችው። ካንዲዳ ነው፣ የእርሾ ዘር። ተርቢናፊን ደግሞ በካንዲዳ ላይ ደካማ ነው። ዕድሜዋን ሊጥ ስታቦካ የኖረች ሴት ጣቷ ላይ ሌላ እርሾ ተሸክማ ነበር። ኢትራኮናዞል ታዘዘላት፤ ጠዋትና ማታ 200 ሚሊ ግራም ለአንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እረፍት፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ድጋሚ። እጅሽን ከውሃ ጠብቂም ተባለች። እሱን እንኳ ሦስት ቀን ነው ያከበረችው።

ሞክረን እንየው የሚለው ነገር ጥፍር ላይ አይሠራም። ለምን? የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የእግር ጥፍር ግማሹን ቢያድግ ነው። የእግር አውራ ጣት ሙሉ እስኪቀየር ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ኪኒኑ ቢስት የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሚወርድ ትኩሳት የለ፣ የሚተው ሳል የለ። ታገሺ፣ ገና እያደገ ነው ትባላላችሁ። በስድስተኛው ወርም ያው ታገሺ ነው። በዘጠነኛውም። የተሳሳተ ሐኪም ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ያገኛል? እናንተ ስትታገሡ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ኪሳችሁ ይሳሳል።

ኪኒኑም ከረሜላ አይደለም። ተርቢናፊን አልፎ አልፎ ጉበት ይጎዳል፣ የምግብ ጣዕም ያጠፋል። ኢትራኮናዞል ልቡ ለደከመ ሰው አይሆንም። ኬቶኮናዞል የሚባለው ሌላው የፈንገስ ኪኒን ደግሞ ለቆዳና ለጥፍር እንዳይሰጥ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 አስጠንቅቋል፣ በጉበት ምክንያት። በ2016 እንደገና አስጠነቀቀ፤ ለጥፍሩ ብሎ ወስዶት የሞተ ሰው ነበር። የአውሮፓው ተቆጣጣሪ በዚያው በ2013 ኪኒኑ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል።

ማይክሮስኮፕም ይስታል፣ ፈንገሱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መለየት (ካልቸር) ሳምንታት ይፈጃል፣ በየከተማውም የለም ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ታዲያ ድገሙት፣ ወይም ወዳለበት ላኩት። ለሦስት ወር ኪኒን ብር የተገኘ ለአንድ ምርመራ ይጠፋል?

የአክስቴ ጎረቤትም ያንን ፕሮግራም ሰምታ በማግስቱ ፋርማሲ ሄዳለች። የገዛችውን ፓኬት ይዛ መጥታ አሳየችኝ። ኬቶኮናዞል ነው።