ለማስማል የቸኮላችሁ ወገኖቼ ሆይ

ወገኖቼ ሆይ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ የተነሣበት ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ የሞተው ተቀብሮ ሳያልቅና የተሰደደው ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ጎረቤታችሁ እጁን አንሥቶ ታማኝነቱን እንዲምል ነው። አስተማሪው ሳይምል ወደ ክፍል እንዳይገባ፣ ሰባኪው ሳይምል እንዳይሰብክ፣ ጠበቃው ሳይምል ችሎት ፊት እንዳይቆም ትሻላችሁ። ያልማለውን በጠላትነት ትመዘግቡታላችሁ፤ የማለውንም «ከአንገት በላይ ነው» እያላችሁ አታምኑትም። ልገሥጻችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ነው። ቁጣችሁ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም፤ ልጁ የተገደለበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዋስትና ቢፈልግ የሚፈርድበት የለም። ነገር ግን ዋስትና ብላችሁ የያዛችሁት ይህ መሐላ ሐቀኛውን ከመካከላችሁ እያስወጣ ሐሰተኛውን የሚያስቀር መሆኑን ልትሰሙ ይገባል።

ስለ ነገ የሚማል መሐላና ስለ ትናንት የሚማል መሐላ አንድ አይደሉም። «ከዛሬ ጀምሮ ለሕግ እገዛለሁ፤ በመንግሥት ላይ መሣሪያ አላነሣም» የሚል ሰው ሊፈጽመው የሚችለውን ቃል ሰጥቷል፤ ቢያፈርሰውም የሚጠየቅበት ድርጊት አለ። «ከዚህ ቀደም ጠላትን አልረዳሁም፣ አላዘንኩለትም፣ ድል እንዲቀናው አልተመኘሁም» ብሎ እንዲምል የሚገደድ ሰው ግን ከሳሽና ምስክር በሌለበት በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ እንዲፈርድ ተደርጓል። እውነቱን ቢናገር ሥራውን ያጣል፤ ቢዋሽ ግን እንጀራው ይቀጥላል። ይህን የመሰለ ፈተና አዘጋጅታችሁ ስታበቁ በፈተናው ያለፉትን «ታማኞች» ብላችሁ መጥራታችሁ ያሳዝነኛል።

አሜሪካውያን ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. እርስ በርስ በተዋጉበት ዘመን በሁለቱም መንገድ ሄደውበታል። ምክር ቤታቸው በሐምሌ 1862 ባወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሹም ሁሉ ከዚያ በፊት በአገሪቱ ላይ መሣሪያ አለማንሣቱንና ዐመፀኞችን፣ ማለትም ከአገሪቱ የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች፣ አለመርዳቱን እንዲምል አዘዘ። ፕሬዚዳንት ሊንከን በታኅሣሥ 1863 ባወጀው ምሕረት ግን፣ ከአንዳንድ ባለሥልጣናትና መኮንኖች በቀር፣ ዐመፀኛ የነበረው ሰው የተጠየቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕገ መንግሥቱንና የባሮችን ነፃነት የሚመለከቱትን ዐዋጆች ሊጠብቅ እንዲምል ብቻ ነበር። ሊንከን በየካቲት 1864 ለጦር ሚኒስትሩ ሲጽፍ፣ ሰው በደል አልፈጸምኩም ብሎ እንዲምል የሚያስገድድ መሐላ በመርሕ እንደማይወድ፣ እንዲህ ያለው መሐላ በንስሐ ይቅር የሚባልበትን የክርስትና ሥርዓት እንደሚጥስ፣ ሰውየው ከእንግዲህ በደል ካልፈጸመ እንደሚበቃ ገልጿል። ይህን የጻፈው ጦርነቱ ገና ሲፋፋም፣ ስንት ሺህ ወታደር በየወሩ ሲወድቅበት ነበር። እናንተ ድሉ በእጃችሁ ከገባ በኋላ የእርሱን ያህል ልበ ሰፊ መሆን ተስኗችኋል።

የሚዙሪ ግዛት ሰዎች ያደረጉትን ደግሞ አስተውሉ፤ ከሁሉ ይልቅ እናንተን የሚመስሉት እነርሱ ናቸውና። ሚዙሪ ጎረቤት ከጎረቤቱ የተዋጋባት፣ በደፈጣ ተዋጊዎች የተመሰቃቀለች ግዛት ነበረች፤ ቂሙም በዚያው ልክ የበረታ ነበር። በ1865 በጠባብ የድምፅ ልዩነት ያጸደቁት ሕገ መንግሥት መራጩን፣ ዳኛውን፣ ጠበቃውን፣ መምህሩን፣ የሃይማኖት አገልጋዩንና የማኅበራት አስተዳዳሪውን ሁሉ እንዲምል አስገደደ። የሚምልበትም ነገር በመሣሪያ አለመዋጋቱ ብቻ ሳይሆን፣ በሥራም ሆነ በቃል ለጠላት አለማዘኑና የጠላትን ድል አለመመኘቱ ነበር። ልጇ ከወዲያኛው ወገን የተሰለፈባት እናት በሰላም እንዲመለስላት ስታለቅስ የተናገረችው ቃል በዚህ መሐላ ፊት ወንጀል ሊሆን ይችል ነበር፤ መሐላው ከዝምድና የመጣን ርኅራኄ ከክህደት አይለይምና። ጆን ከሚንግስ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ሳይምሉ ስለሰበኩ ተከሰሱ፤ አምስት መቶ ዶላር እንዲቀጡ፣ እስኪከፍሉም እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥር 1867 አምስት ዳኞች በአራት ላይ በሰጡት ብያኔ፣ መሐላው ያለ ፍርድ የሚቀጣና ሲፈጸም ወንጀል ያልነበረን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ወንጀል የሚያደርግ ነው ተብሎ ተሻረ። በዚያው ዕለት አውጉስተስ ጋርላንድ የተባለ የአርካንሳስ ጠበቃ ከፕሬዚዳንቱ ምሕረት አግኝቶ ሳለ ያለፈውን የሚመለከት መሐላ ካልማልክ አትሟገትም ሊባል እንደማይገባ ተወሰነ። ያ ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ የዚያችው አገር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ አገልግሏል። በመሐላ ሰበብ ከሥራ ልታስቀሩት የምትሹት ሰው ነገ ሕጋችሁን የሚጠብቅላችሁ ሊሆን ይችላል።

ከዚያው ከሚዙሪ ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከፍርድ ቤቱ ብያኔ ይልቅ የሚከብደኝ እርሱ ነው። ፍራንሲስ ብሌር ግዛቲቱ ወደ ዐመፀኞቹ እንዳትሄድ በ1861 ሰው አስታጥቆ የተነሣ፣ በኋላም በፌዴራሉ ሠራዊት ውስጥ ጄኔራል ሆኖ የተዋጋ ሰው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሊመርጥ ሄደ፤ መሐላው ቀረበለት። በቃሉ ላይ ግን በአሜሪካም ሆነ በግዛቲቱ መንግሥት ላይ መሣሪያ አላነሣሁም የሚል ስለነበረበት፣ በ1861 የተዋጋው ደግሞ ወደ ዐመፅ ያዘነበለውን የግዛቲቱን ገዥ ስለነበረ፣ በሐሰት አልምልም አለ፤ ድምፅም እንዳይሰጥ ተከለከለ። አገሪቱን በደሙ የጠበቀላት ሰው ከምርጫ ሲቀር፣ በሌሊት የገደለና የዘረፈ ግን ሐፍረት ከሌለው በሁለት ደቂቃ ምሎ መምረጥ ይችል ነበር። እናንተስ ያዘጋጃችሁት መሐላ ማንን ወደ ውጭ እንደሚያስቀር ቆም ብላችሁ አስባችኋል?

መሐላውን ከሰው ኑሮ ጋር ስታቆራኙት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በ1865 የጸደይ ወራት የዐመፀኞቹ ዋና ከተማ በነበረችው በሪችመንድ የሰፈረው የፌዴራል ጦር አዛዥ ሄንሪ ሃሌክ ሙሽሮች ታማኝነታቸውን ካልማሉ የጋብቻ ፈቃድ እንዳይሰጣቸው አዘዘ። የደቡብ ሰዎች በበኩላቸው መሐላውን መፈረምን «ውሻውን መዋጥ» ይሉት ነበር። ሰው እህል ለመሸመት፣ ለማግባትና ለመነገድ ሲል የሚምለው መሐላ በመሐላ ዐዋጁ የተጻፈውን አገር እንዲወድ አያደርገውም፤ የሚያሳድርበት ነገር ቢኖር በአስማዮቹ ላይ ንቀት፣ በራሱም ላይ እፍረት ነው። በስፔን ደግሞ የእርስ በርሱ ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ የአሸናፊው የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት በየካቲት 1939 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ስላለፈ ሕይወቱ በመሐላ የተረጋገጠ መግለጫ እንዲያቀርብ አስገደደ፤ በመግለጫውም የሥራ ባልደረቦቹ የትኛውን ወገን እንደደገፉ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። የማስማል ልማድ ሲሥር መድረሻው ይህ ነው፤ ስለ ራስ መማል የሚጀመረው ስለ ሌላው በመጠቆም ያልቃል። በየሰፈራችሁ ማን እንደማለና ማን እንዳልማለ ዝርዝር ይዛችሁ የምትዞሩ ሰዎች ይህን ጉዞ ጀምራችሁታልና ተመለሱ።

የምትምሉትንም ዝም ብዬ አላልፋችሁም። ወረቀቱን ሳታነቡ የምትፈርሙ፣ «ሁሉም ይፈርማል፤ ምን ያመጣል» የምትሉ፣ ለሚቀጥለው አሸናፊ ደግሞ ሌላውን ለመማል የተዘጋጃችሁ ወገኖች፣ ቃላችሁን ርካሽ አድርጋችሁታል። እንግሊዞች በ1642 መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች በየአጥቢያቸው የንጉሡን አካልና ክብር ሊጠብቁ ማሉ። በ1643 ሌላ ቃል ኪዳን ተጨመረላቸው። ንጉሡ አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ በጥር 1650 ንጉሥና የመሳፍንት ምክር ቤት ለሌለበት መንግሥት ታማኝ እንዲሆኑ ታዘዙ፤ ያልተቀበለውም በፍርድ ቤት መክሰስ እንዳይችል ተደረገ። ንጉሥ የሌለበት የዚያ መንግሥት መሪ የሆነው ኦሊቨር ክሮምዌል ራሱ በ1654 ይህን ግዴታ ሻረው፤ በ1660 ንጉሥ ተመለሰ፤ በ1661 ደግሞ የ1643ቱ ቃል ኪዳን በሰቃዩ እጅ እንዲቃጠል ታዘዘ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአንድ አፍ የተማለውን ይህን ሁሉ ነገር አባት ለልጁ እንዴት አድርጎ ያስረዳዋል? እንዲምል የተጠየቀ ሰው ቢያንስ የሚምልበትን ቃል ደጋግሞ ሊያነብ፣ ሊፈጽመው የማይችለውንና እውነት ያልሆነውን ሊቃወም ይገባዋል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፤ ልጆች ያሏችሁ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ነገር ግን ሐሰት መሆኑን እያወቃችሁ ከማላችሁ በኋላ እውነቱን ተናግሮ የተቀጣውን ጎረቤታችሁን «ግትር» እያላችሁ የምትነቅፉት በምን አፋችሁ ነው?

መሐላ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያንስ ለማየት ወደ አሜሪካ ደቡብ እንመለስ። በ1865 ብዙ ሺህ ሰዎች የምሕረቱን መሐላ ማሉ፤ መሐላውም የባሮችን ነፃነት እንዲያከብሩ በግልጽ ያስገድዳቸው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ሚሲሲፒና ሌሎች ግዛቶች ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ሥራ የለህም ብለው የሚይዙበትን፣ በቅጣትም ለአሠሪ የሚያስረክቡበትን ሕግ አወጡ። በግንቦት 1866 በሜምፊስ፣ በሐምሌ ደግሞ በኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች በጅምላ ተገደሉ። ፊርማው በመዝገብ ተቀምጦ ነበር፤ የተበደሉትን የሚጠብቅ ሕግና የሕግ አስከባሪ ግን በሚያስፈልገው ቦታ አልነበረም። ስለዚህ መሐላን የምቃወመው ለበደለኛው አዝኜ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የገደለ በስሙ ይከሰስ፣ ማስረጃ ይቅረብበት፣ ጠበቃ ይቁምለት፣ ጥፋቱ ሲረጋገጥ ይቀጣ። እናንተ ግን ይህ አድካሚ ስለሆነባችሁ ሕዝቡን በጅምላ አስምላችሁ ፍትሕ ያደረጋችሁ ይመስላችኋል። የተጎዳው ሰው ከመዝገባችሁ ውስጥ የሚያገኘው ምንድን ነው?

የእርስ በርስ ጦርነት ያለፈበት ሕዝብ ቢምል ከአቴናውያን መሐላ ሊማር ይችላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 ሠላሳዎቹ የሚባሉት ጨካኝ ገዥዎች ከወደቁ በኋላ፣ እነርሱ ያስገደሏቸው ሰዎች አሪስቶትል እንደተረከው ከ1500 በማያንሱባት ከተማ፣ ድል አድራጊውና ተሸናፊው አንዱ በሌላው ላይ ያለፈውን በደል እያነሣ እንዳይበቀል ተማማለ። ከስምምነቱ ውጭ የተደረጉት ሠላሳዎቹና ጥቂት ሹሞቻቸው ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ስለ ሥራቸው ቀርበው ምርመራውን ካለፉ በከተማው መኖር ይችሉ ነበር። ከመሐላው ጋር የሚጋጭ ክስ የቀረበበት ሰው አስቀድሞ የሚከላከልበት ሥርዓትም ተበጀለት። በዚህ ውስጥ የምወደው አሸናፊውም መማሉ ነው። ተሸናፊው ብቻ የሚምልበት መሐላ አሸናፊው ምንም ቃል ሳይገባ እንዲኖር ያደርገዋል፤ አሸናፊው ስለማይበቀል፣ ተሸናፊው ስለማያምፅ ሲማማሉ ግን ሁለቱም የሚጠየቁበት ዕዳ ይኖርባቸዋል። እናንተ ድል ያደረጋችሁ ወገኖች፣ «የገዛ ጎረቤቴን በተሰለፈበት ወገን ምክንያት ከሥራው አላስወጣም፣ ቤቱን አልወርስም፣ ልጆቹን በአባታቸው ስም አልሰድብም» ብላችሁ ልትምሉ ዝግጁ ናችሁ? ካልሆናችሁ ከእርሱ መሐላ ለመጠየቅ በየትኛው መብት ትቆማላችሁ?

እንግዲህ የማስማል ሥልጣን በእጃችሁ ያለ ሹሞች፣ የመሐላውን ቃል አውጥታችሁ እንደገና አንብቡት። ስለ ትናንት የሚጠይቀውን ሁሉ ሰርዙ፤ ሰው ያሰበውንና የተመኘውን የሚጠይቀውንም እንዲሁ። ስለ ነገ የሚቀረውን ቃል ለሁሉም ወገን አንድ ዓይነት አድርጉት፤ ከራሽንም ሆነ ከጋብቻ፣ ከትምህርትም ሆነ ከአምልኮ ጋር አታያይዙት። ጎረቤቶች ሆይ፣ ዝርዝር መያዛችሁን ተዉ፤ ማን እንደማለ ለማንም አትናገሩ። አልምልም በማለታቸው እስከዛሬ የተባረሩትን አስተማሪዎች፣ የታገዱትን ሰባኪዎችና ጠበቆች ደግሞ ፍርድ ቤት እስኪያዛችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሥራቸው መልሷቸው። በሚዙሪ የቄሱ ጉዳይ ከተወሰነ በኋላ እንኳ የመራጮቹ መሐላ የተነሣው በ1870 ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ከምርጫ የቀረውን ሰው ድምፅ መልሶ ሊሰጠው የቻለ ብያኔ የለም። እናንተ ግን ዛሬ ብትፈልጉ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልታስተካክሉት ትችላላችሁ።